ለአባሉ ጠበቃ፣ በአባሉ ላይ ዳኛ

በእንግሊዝ የሕግ ባለሙያዎች ዘንድ «የግላንቪል ዴቪስ ጉዳይ» የሚባል አንድ የቆየ ቅሌት አለ። አንድ ነጋዴ ለረጅም ጊዜ ጉዳዩን ይዞለት ከነበረው የሕግ ባለሙያ፣ ከግላንቪል ዴቪስ፣ የ197 ሺህ ፓውንድ ሒሳብ መጣበት። በዛብኝ ብሎ ሒሳቡን በፍርድ ቤት ሹም አስመረመረ። ተመርምሮ ሲያልቅ 67 ሺህ ፓውንድ ሆኖ ወጣ። ነጋዴው የባለሙያዎቹን ሥነ ምግባር ወደሚቆጣጠረው አካል፣ ለንደን ቻንስሪ ሌን ወደሚገኘው የሶሊሲተሮች ማህበር፣ ወደ ሎው ሶሳይቲ አቤት አለ። ማህበሩ አቤቱታውን አየና የዲሲፕሊን ክስ ሳይመሠርት ቀረ። የተከሰሰው ሰው የዚያው ማህበር ምክር ቤት አባል ነበር።

ነጋዴው ተስፋ አልቆረጠም። በራሱ ወጪና ጉልበት ከፍተኛው ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ በ1983 ባለሙያውን ከመዝገብ አሰረዘው። (የዓመታቱ አቆጣጠር፣ የአገራችንን አዋጆች ስጠቅስ ካልሆነ በቀር፣ የአውሮፓውያን ነው።) ማህበሩ ሐፍረቱን ለመሸፈን አልሞከረም፤ አጣሪ ኮሚቴ አቋቁሞ የራሱን ጥፋት አስመረመረ። ኮሚቴው በ1984 ያወጣው ሪፖርት የአንድን ሰው ስግብግብነት ትቶ የተቋሙን አሠራር ነው ከላይ እስከ ታች የወቀሰው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ማህበሩን አንድ ጥያቄ አልለቀው አለ። ለባለሙያው የሚሟገተው አካል ያንኑ ባለሙያ እንዴት ሊዳኝ ይችላል? አገሪቱ ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ከሃያ ዓመት በላይ ፈጀባት። የተሰጠው መልስ ዛሬ በራሳችን አገር ለሚገኙ ጠበቆችና ለደንበኞቻቸው የሚጠቅም ይመስለኛልና በዝርዝር ልሄድበት።

በእንግሊዝና በዌልስ የሕግ ሙያ ለሁለት ተከፍሎ የኖረ ነው። ባሪስተሩ በዋነኛነት በችሎት ቆሞ ይከራከራል። ሶሊሲተሩ ደግሞ ባለጉዳዩ መጀመሪያ በሩን የሚያንኳኳው ባለሙያ ነው፦ ኑዛዜ ይጽፋል፣ የቤት ሽያጭ ያስፈጽማል፣ ኩባንያ ያቋቁማል፣ ሌሊት ፖሊስ ጣቢያ ለተያዘ ሰው ይደርስለታል፣ የጥገኝነት ጠያቂውን ቃል ይመዘግባል። የደንበኛውን ገንዘብም በአደራ ይይዛል። ቤት የሚገዛ ቤተሰብ የዕድሜ ልክ ቁጠባውን ውሉ እስኪፈጸም በሶሊሲተሩ የአደራ ሒሳብ ውስጥ ያስቀምጣል። ሎው ሶሳይቲ የሚወክላቸው ሶሊሲተሮች ዛሬ ከ200 ሺህ በላይ ናቸው።

ማህበሩ የተመሠረተው በ1825 ነው። በዚያ ዘመን እነዚህ ባለሙያዎች በሕዝቡ ዘንድ ስማቸው የከፋ፣ በባሪስተሮችም የተናቁ ነበሩ፤ መሥራቾቹ የፈለጉት ክብር ነበር። በ1831 የንጉሥ ቻርተር አገኙ፤ በማግስቱ ዓመት የቻንስሪ ሌኑን አዳራሽ ከፈቱ። ክብርን ያመጣው ግን አዳራሹ አይመስለኝም። በ1833 ለሥራ ተለማማጆች ትምህርት ተጀመረ፤ በ1836 ፈተና መጣ፤ በ1843 በወጣው ሕግ ደግሞ የባለሙያዎቹን መዝገብ የመያዝ ሥልጣን ለማህበሩ ተሰጠ። ማን ገባ ማን ወጣ የሚለውን የሚጽፈው እጅ የማህበሩ ሆነ ማለት ነው። በ1888 በአባላት ላይ የሚቀርብን ክስ የማጣራት፣ በ1919 ደግሞ ከመዝገብ እስከ መሰረዝ የሚደርስ ቅጣት የመወሰን ሥልጣን በማህበሩ ሥር ለተደራጀው የዲሲፕሊን ኮሚቴ ተላለፈ። እንዲህ እያለ መዝገብ ያዡ፣ ፈታኙ፣ መርማሪውና የአባላቱ ተሟጋች አንድ ቤት ውስጥ ተሰበሰቡ።

ይህ ኃይል ለደንበኛው ብቻ ሳይሆን ሙያውን ለሚመኘውም ምን ማለት እንደሆነ ጉዊንት ቤብ አሳይታለች። ኦክስፎርድ ሕግ ተምራ በአንደኛ ደረጃ ውጤት ያለፈች ወጣት ነበረች። ማህበሩ ሴት ስለሆነች ለፈተናው አልመዘግባትም ሲል ከሰሰችው። በ1913 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የ1843ቱ ሕግ «ሰው» ሲል ሴትን አይጨምርም በሚል ፈረደባት። በሩን የከፈተው ፓርላማው በ1919 ያወጣው ሕግ ነው። የመጀመሪያዋ ሴት ሶሊሲተር ካሪ ሞሪሰን በ1922 መጨረሻ መዝገብ ላይ ስትሰፍር ቤብ በሕይወት አልነበረችም፤ ዓመት ቀደም ብላ አርፋለች። ዛሬ በእንግሊዝና በዌልስ ፈቃድ አውጥተው ከሚሠሩት ሶሊሲተሮች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ሴቶች ናቸው።

ማህበሩን በጥፋቱ ብቻ መመዘን ግን ፍትሐዊ አይሆንም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የእንግሊዝ መንግሥት ድሃው በመንግሥት ገንዘብ ጠበቃ እንዲያገኝ በ1949 ሕግ ሲያወጣ፣ ሥራውን እንዲያስተዳድር አደራ የሰጠው ለዚሁ ማህበር ነው። ወደ 40 ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ማን የነጻ ጠበቃ ይገባዋል፣ ለጠበቃውስ ስንት ይከፈለዋል የሚለውን ሲያስፈጽም ኖሯል። ገንዘቡ የመንግሥት ሆኖ መንግሥትን የሚሞግት ጠበቃ ይከፈልበት ነበር። ሌላ ብዙ አገር ይህን ለማሰብ እንኳ አልደፈረም። በ1941 ሕግ መሠረት ያቋቋመው የካሳ ፈንድም ሊጠቀስ ይገባዋል። አንድ ሶሊሲተር የደንበኛውን ገንዘብ በልቶ ቢጠፋ ሌሎቹ ሶሊሲተሮች ካዋጡት ገንዘብ ለተበዳዩ ይከፈላል። ያላጠፋ ሰው ላጠፋው የሥራ ባልደረባው ዕዳ የሚከፍልበትን ይህን ሥርዓት ያቆመ ሙያ «ለሕዝብ እቆማለሁ» ሲል የሚያምነው ያገኛል።

ወደ ቅሬታው ልመለስ። ከግላንቪል ዴቪስ ጉዳይ በኋላ ማህበሩ በ1986 የአቤቱታ ቢሮ አቋቋመ። አልበቃም ተብሎ በ1996 በሌላ ስም ሌላ መሥሪያ ቤት ተተካ። ስሙ ቢቀየርም ደመወዝ ከፋዩ አንድ ነበርና ሕዝቡ አላመነውም። የእኛ ሰው «አባት ዳኛ፣ ልጅ ቀማኛ» የሚለው ለዚህ ዓይነቱ ነው። የአቤቱታው ክምር አላልቅ አለ። ሰዎች ለወራት መልስ ይጠብቁ ጀመር። መንግሥት በ2004 የማህበሩን የቅሬታ አያያዝ የሚከታተል ኮሚሽነር ሾመ፤ ኮሚሽነሯ ዛሂዳ ማንዙር በ2006 የማህበሩ የሥራ ዕቅድ በቂ አይደለም ብለው 250 ሺህ ፓውንድ ቀጡት። ሌሎችን ሲቀጣ የኖረ ተቋም ራሱ ተቀጪ ሆነ።

በዚያው ሰሞን የእንግሊዝ ባንክ ምክትል ገዥ የነበሩት ሰር ዴቪድ ክሌሜንቲ የሕግ አገልግሎቱን አወቃቀር እንዲያጠኑ ተሹመው ነበር። በታኅሣሥ 2004 ያቀረቡት ሪፖርት የሙያ ማህበራት የአባላት ውክልናንና የአባላት ቁጥጥርን እንዲለያዩ መከረ። በ2007 የወጣው የሕግ አገልግሎት ሕግ ምክሩን ሥጋ አለበሰው። የሶሊሲተሮች ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን የራሱ ቦርድ ያለው ሆኖ ተለየ፤ ደንበኞች በአገልግሎት ጥራት ላይ የሚያቀርቡት ቅሬታ ከ2010 ጀምሮ ወደ ሕግ እንባ ጠባቂው ሄደ፤ ተቆጣጣሪዎቹን ራሳቸውን ደግሞ የሕግ አገልግሎት ቦርድ የተባለ አካል ከላይ እንዲያያቸው ተደረገ። ለሎው ሶሳይቲ የቀረለት የአባላቱ ድምፅ መሆን ነው።

ብዙ ሶሊሲተሮች ያኔ ማህበራችን አበቃለት ብለው ነበር። እኔ ከዚያ ወዲህ የሠራውን ስመለከት ተቃራኒውን ነው የማየው። የማስገደድ ሥልጣን ያጣ ተቋም ማሳመን ይጠበቅበታል፤ ለማሳመን ደግሞ ማጥናት፣ መቁጠር፣ መናገር ግድ ነው። የአመራሩም ሥርዓት ሊታይ የሚገባው ነው። የማህበሩ ፕሬዚዳንት የሚመራው ለአንድ ዓመት ነው። ሰውየው ወይም ሴትዮዋ አስቀድመው የምክትሉ ምክትል፣ ከዚያ ምክትል ሆነው ይቆያሉ፤ በተራቸው ይመራሉ፤ ለሚቀጥለው አስረክበው ይሄዳሉ። ወደ 100 የሚጠጉ አባላት ያሉት ምክር ቤት ከየክልሉና ከየሙያ ዘርፉ ይውጣጣል። የአንድ ዓመት ዘመን አጭር ነው የሚል ትችት አለ፤ አዲስ ፕሬዚዳንት ሥራውን ተላምዶ ሳይጨርስ ይወርዳል ይላሉ። ትችቱ እውነት አለው። ግን ማህበሩን የግል ርስቱ የሚያደርግ ሰው እንዳይበቅል ያደረገው ይኸው አጭር ዘመን ነው። ወንበር የያዘ ሰው እስኪሞት ወይም እስኪባረር የሚቀመጥባቸውን ማህበራት ለምናውቅ ሰዎች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ካሮሊን ከርቢ የተመረጡት በ2002 ነው፤ ማህበሩ ከተመሠረተ 177 ዓመት በኋላ። ስቴፋኒ ቦይስ በ2021 የመጀመሪያዋ ጥቁር ፕሬዚዳንት ሆኑ። በ2022 የተኳቸው ሉብና ሹጃ የመጀመሪያዋ እስያዊትና የመጀመሪያዋ ሙስሊም ናቸው። አንድ ሰው መሾሙ ብቻውን በየቢሮው ያለውን እኩልነት አያረጋግጥም። ቢሆንም ከመቶ ዓመት ጥቂት ከፍ ባለ ጊዜ በፊት ሴት «ሰው» ትባላለች ወይስ አትባልም ብሎ ፍርድ ቤት የቆመው ማህበር ይህ መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል።

የማህበሩ አዲስ ጠባይ ከሁሉ ይልቅ የታየው በነጻ ጠበቃ ጉዳይ ነው። በ2012 የወጣ ሕግ ከሚያዝያ 2013 ጀምሮ የመንግሥት የሕግ ድጋፍን ክፉኛ አጠበበው። አብዛኛው የቤተሰብ ክርክር፣ የዕዳ፣ የመኖሪያ ቤትና የማኅበራዊ ድጎማ ጉዳይ ከድጋፉ ወጣ። የጥገኝነት ጥያቄ በድጋፉ ውስጥ ቢቆይም ሌላው የኢሚግሬሽን ጉዳይ ባብዛኛው ተቆረጠ። ይህ በለንደን፣ በማንችስተርና በበርሚንግሃም የሚኖሩ ወገኖቻችንን በቀጥታ ይነካል። አንድ ኢትዮጵያዊ ስደተኛ ጥገኝነት ሲጠይቅ የሚከራከርለት ሶሊሲተር በመንግሥት ገንዘብ ሊያገኝ ይችላል። ጥገኝነቱን አግኝቶ ባለቤቱንና ልጆቹን ላምጣ ሲል ግን፣ ልዩ ፈቃድ ካላገኘ በቀር፣ ከኪሱ ነው። ሎው ሶሳይቲ በነጻ ጠበቃ የሚቆም ባለሙያ የጠፋባቸውን አካባቢዎች በካርታ እያሳየ ለሕዝብ ይፋ አድርጓል። ድጋፍ ይገባዋል የተባለ ሰው እንኳ ባካባቢው የሚወስድለት ሶሊሲተር ካላገኘ መብቱ በወረቀት ይቀራል።

በወንጀል ጉዳይ ደግሞ ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ለተከሳሾች የሚቆሙ ሶሊሲተሮች ክፍያ ለሁለት አስርት ዓመታት ያህል ይህ ነው የሚባል ጭማሪ ሳያይ ቆይቶ፣ በ2014 ጭራሽ 8.75 በመቶ ተቀነሰ። ወጣቶች ዘርፉን እየሸሹ ሌሊት ፖሊስ ጣቢያ የሚሄድ ሰው መታጣት ጀመረ። መንግሥት ራሱ ያሰየማቸው ሰር ክሪስቶፈር ቤላሚ በ2021 ባቀረቡት ጥናት ክፍያው ሳይዘገይ ቢያንስ በ15 በመቶ እንዲጨምር መከሩ። ባሪስተሮቹ በ2022 ሥራ አቁመው የተሻለ ጭማሪ አገኙ፤ ሶሊሲተሮቹ የተሰጣቸው ከዚያ በታች ነበር። ሎው ሶሳይቲ የፍትሕ ሚኒስትሩን ውሳኔ ይመረመርልኝ ብሎ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሄደ። በጥር 2024 መጨረሻ የተሰጠው ፍርድ ማህበሩ ያቀረበውን ሁሉ አልተቀበለም። ዋናውን ግን ተቀበለ፦ ሚኒስትሩ የወሰኑት ክፍያ የሚፈለገውን ግብ ይመታ እንደሆነ ሳያጣሩ በመወሰናቸው ውሳኔያቸው ምክንያታዊነት ይጎድለዋል አለ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ አዲሱ መንግሥት ለወንጀል ጉዳይ ሶሊሲተሮች በዓመት እስከ 92 ሚሊዮን ፓውንድ ለመጨመር ማቀዱን አስታወቀ።

በዚህ ክርክር የማህበሩ አባላት ጥቅም አለበት፤ ክፍያቸው ነው። ማህበሩም አልደበቀውም። የቀድሞው ማህበር ቢሆን ኖሮ ግን «የጠበቆችን ጥፋት የሚሸፋፍነው አካል አሁን ደግሞ ገንዘብ ጨምሩላቸው ይላል» የሚለውን ወቀሳ በምን ይመልሰው ነበር? ዳኝነቱን ከተወ በኋላ ሙግቱ ንጹሕ ሆነ። ሰሚው ማን እየተናገረ እንደሆነ ያውቃል፤ ማስረጃውንም በማስረጃነቱ ይመዝናል።

መለያየቱ ሁሉን አዳነ ለማለት ግን አልደፍርም። በጥቅምት 2023 አክሲዮም ኢንስ የተባለ የሕግ ድርጅት ተዘጋ። ከ60 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ የደንበኞች አደራ አልተገኘም። የሕግ አገልግሎት ቦርድ ያስጠናው ገለልተኛ ምርመራ ከዓመት በኋላ ይፋ ሲሆን፣ አዲሱ ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን በተገቢውና በብቁ መንገድ አልሠራም የሚል ነበር። የካሳ ፈንዱ ጫናው በዛበትና እያንዳንዱ ሶሊሲተር የሚያዋጣው ገንዘብ ከ30 ወደ 90 ፓውንድ አደገ። ብዙ አባላት «ቁጥጥሩ በእኛ እጅ ቢሆን ኖሮ» ብለው ማማረራቸው አያስገርምም። ንዴታቸው ይገባኛል፤ መደምደሚያቸውን ግን አልቀበለውም። በ1980ዎቹ አንድ ነጋዴ ብቻውን ከፍተኛ ፍርድ ቤት መሄድ ነበረበት። ባሁኑ ጊዜ ተቆጣጣሪው ሲሳሳት የበላዩ አካል መርምሮ ስሕተቱን ለሕዝብ አወጣው፤ ሎው ሶሳይቲም ያለ ይሉኝታ ተቆጣጣሪውን ተቸ። ስሕተት የማይሠራ ተቆጣጣሪ ፈልጌ አላገኘሁም። ስሕተቱ የሚገለጥበት ሥርዓት ግን አለ፤ ልፋቱም ለዚህ ነበር።

አገራችን ይህን መንገድ ገና መጀመሯ ነው። በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 199/1992 ለጠበቃው ፈቃድ የሚሰጠውም፣ የዲሲፕሊን እርምጃ የሚወስነውም የፍትሕ ሚኒስቴር ነበር። የእኛ ችግር ከእንግሊዙ በተቃራኒ በኩል ነው የመጣው። እዚያ ያስፈራው ጠበቃ ጠበቃን መሸፈኑ ነው፤ እዚህ ደግሞ መንግሥትን ከሶ ችሎት የሚቆም ጠበቃ ፈቃዱ በዚያው መንግሥት እጅ መሆኑ። አዋጅ ቁጥር 1249/2013 የኢትዮጵያ ፌዴራል ጠበቆች ማህበርን በሕግ አቋቁሞ የፌዴራል ጠበቆችን ሁሉ አባል አደረገ፤ ጠበቆች በድርጅት ተደራጅተው እንዲሠሩም ፈቀደ። ትልቅ እርምጃ ነው። ማህበሩ ገና ወጣት ስለሆነ ነገ ምን ሥልጣን ይጨመርለት የሚለው ክርክር መነሳቱ አይቀርም።

ያኔ ጠበቆቻችን ከመንግሥት እጅ የሚወጣውን ሥልጣን ሁሉ ወደ ማህበራቸው ለመሰብሰብ ይፈተናሉ። የለንደኑ ማህበር ያን አድርጎ ከመቶ ዓመት በላይ ኖሯል፤ ዋጋውንም ከፍሏል። ነጻነት የጠበቃው መብት ነው፤ የሚጠበቀው ግን ለደንበኛው ሲባል ነው። የጠበቆችን ጥፋት የሚያይ አካል ከሚኒስቴሩ የራቀ፣ ከማህበሩ አመራርም የተለየ፣ ከጠበቆች ውጭ የሆኑ ሰዎች የተቀመጡበት፣ ውሳኔውን ለሕዝብ የሚያወጣ ሊሆን ይገባዋል። የማህበሩ መሪዎች ዘመን አጭርና የተወሰነ ይሁን። ማህበሩ ደግሞ ለአባላቱ ሳይሸማቀቅ ይሟገት፤ ጠበቃ የሌለውን ተከሳሽ ይቁጠር፣ የነጻ ጠበቃ የማይደርስባቸውን ወረዳዎች ለይቶ ያሳውቅ፣ አስፈላጊ ሲሆን መንግሥትን ይክሰስ።

ጠበቃ ቀጥራችሁ የተበደላችሁም ቅሬታችሁን በጽሑፍ አቅርቡ፤ መልስ እስክታገኙም አትተዉት። የእንግሊዙን ሥርዓት የማስተካከል ሥራ ያስጀመረው በሒሳቡ ላይ አቤት ብሎ እስከ መጨረሻው የተከራከረ አንድ ደንበኛ ነው።